ጉድጓዱ በደብተሩ ላይ የለም

በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ናውሩ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በመኪና ዙሪያዋን ለመዞር አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲድኒ ውስጥ፣ በአንድ የንግድ ኩባንያ ቢሮ፣ አልበርት ኤሊስ የተባለ ሠራተኛ አንድ ድንጋይ ዐይኑ ገባ። ድንጋዩ በሩን ደግፎ የሚይዝ ተራ ነገር ነበር። ከናውሩ የመጣ፣ ዘመን ብዛት ድንጋይ ያደረገው እንጨት ነው ይሉታል። ኤሊስ አልተዋጠለትም። አስመረመረው። ፎስፌት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ጥራቱ እጅግ ከፍተኛ የሆነ።

ፎስፌት ማለት ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ደግሞ ገንዘብ ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ቁፋሮው ተጀመረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ፎስፌቱን በጋራ ያዙትና ከገበያ ዋጋ በታች ለገበሬዎቻቸው አቀረቡት። ናውሩ ነጻ የወጣችው በ1968 ነው። ማዕድኑን በ1970 ተረከበች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የናውሩ ሰው በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ሀብታሞች ተርታ ተሰለፈ።

መንግሥቷ ሜልበርን ላይ ባለ 52 ፎቅ ሕንጻ አቆመ። የከተማው ሰው «የወፍ ኩስ ግንብ» እያለ ያሾፍበት ነበር፤ ፎስፌቱ ከባሕር ወፎች ኩስ የተሠራ ነው ስለሚባል። ለንደን ላይ ደግሞ ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሕይወት የሚያወራ ሙዚቃዊ ቲያትር በናውሩ ገንዘብ ተሠራ። ወዲያው ከሰረ። ፎስፌቱም እያለቀ መጣ። በ2004 ግንቡ ተሸጠ።

ዛሬ ከደሴቲቱ መሬት አራት አምስተኛው ያህል ተቆፍሮ ያለቀ ነው። ፎስፌቱ የነበረው በኖራ ድንጋይ ዓምዶች መካከል ተጠቅጥቆ ነው። እሱ ተዝቆ ሲወጣ ዓምዶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ግራጫ ናቸው፣ ሹል ናቸው፣ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፣ እርስ በርስ ተጠጋግተዋል። አይታረስም፣ ቤት አይሠራበትም፣ በእግር ለማቋረጥ እንኳ ያስቸግራል። ሰዉ የሚኖረው በባሕሩ ዳር ባለችው ቀጭን ቀለበት ላይ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ናውሩ ሀብታም በተባለችበት ዓመት በእርግጥ ሀብታም ነበረች?

የሒሳብ ደብተሩ አዎ ይላል። አንድ አገር ምን ያህል እንዳመረተ የምንለካበት መለኪያ፣ አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው፣ የተሸጠውን ፎስፌት ገቢ አድርጎ ይይዛል። መሬቱ መጉደሉን ግን በዚያው ገጽ ላይ አይጽፍም። አባቱ ያወረሰውን ቤት በየክፍሉ እየሸጠ የሚበላ ሰው «ገቢዬ ጨምሯል» ቢለን እንስቅበታለን። ጥሪትህን ነው የምትበላው እንለዋለን። አገር ወይም ኩባንያ ተመሳሳዩን ሲያደርግ ግን «ዕድገት» ብለን እናጨበጭባለን።

ስለ ተፈጥሮ ሀብት፣ ስለ ካፒታሊዝምና ስለ ሥነ ምህዳር ቀውስ የሚወራው ብዙ ነው። ሲጨመቅ ግን እዚህ ደብተር ላይ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ደብተሩ የሚመዘግበው አለ፣ የሚዘለው አለ። ዓለም ደግሞ የምትተዳደረው በተመዘገበው ነው።

ካፒታሊዝም የሚለው ቃል አንዳንዱ እንደ ስድብ፣ አንዳንዱ እንደ ጸሎት ነው የሚያነሳው። ሁለቱንም እንተዋቸውና አሠራሩን እንይ። አንድ ሰው ገንዘብ አለው። ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውለው ከበፊቱ በልጦ እንዲመለስለት ነው። የተመለሰውን መልሶ ሥራ ላይ ያውላል። ካላዋለ ተፎካካሪው ይቀድመዋል። በቃ ይኸው ነው። ሰውየው ክፉ መሆን አይጠበቅበትም። ደግ ሰው ቢሆንም ሩጫው አያስቆመውም።

ይህ ሩጫ ማዕድን ላይ ሲደርስ ለየት ያለ ባሕርይ ያመጣል። አንድ ትልቅ የመዳብ ማዕድን ለመክፈት ቢሊዮን ዶላሮች ያስፈልጋሉ። አብዛኛው ብድር ነው። ብድር ደግሞ ወለድ አለው፤ ወለድ እሑድም አያርፍም። ስለዚህ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ ኩባንያው ቁፋሮውን ይቀንሳል ብላችሁ ብትጠብቁ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። አንዳንዴ ይጨምራል። ከአንድ ቶን የሚያገኘው ስላነሰ፣ ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ቶን ማውጣት አለበት። ዋጋ ሲወጣ ትርፍ ስላለ ይቆፈራል፣ ዋጋ ሲወርድ ዕዳ ስላለ ይቆፈራል። ፍሬኑ የት እንዳለ እኔም ብዙ ጊዜ ይጠፋብኛል።

ከዚህ የባሰው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እዚህ ነውና።

ኮሊን ክላርክ የሚባል ካናዳዊ የሒሳብ ሊቅ በ1973 ስለ ዓሣ ነባሪዎች አንድ ነገር አሰላ። በወቅቱ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ሊጠፋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በአንታርክቲካ ዙሪያ ከ200 ሺህ በላይ የነበረው ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዶ ነበር። ብዙ ሰው «አዳኞቹ ሞኞች ናቸው፤ ቀስ ብለው ቢያድኑ ለዘላለም ይበሉ ነበር» ይል ነበር። ክላርክ ሒሳቡን ሠርቶ ያገኘው መልስ የሚያስደነግጥ ነው። አዳኞቹ ሞኞች አይደሉም።

ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ቶሎ አይራባም። አንዲት እናት በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ብትወልድ ነው። ስለዚህ መንጋው ሳይነካ ቢተው በዓመት የሚጨምረው በመቶ ጥቂት ብቻ ነው። ገንዘብ ግን ሌላ ቦታ ሲሠራ ከዚያ በላይ ሊወልድ ይችላል። እንግዲህ የሚያስበው ትርፉን ብቻ የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ሁሉንም ዛሬ ይገድላል፣ ዘይቱን ይሸጣል፣ ገንዘቡን ወለድ ወዳለበት ይወስዳል። ዓሣ ነባሪው ከገንዘቡ ቀስ ብሎ መውለዱ ጥፋቱ ሆነ።

ለደንም ለዓሣም ለአፈርም ይኸው ሒሳብ ይሠራል። ዛፉ በዓመት ከሚያድገው በላይ ወለዱ ካደገ፣ ደብተሩ «ቁረጠው» ይላል። ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ50 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ100 ዶላር ጉዳት በ10 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ሲመነዘር ከ1 ዶላር በታች ይሆናል። የዛሬው ሥራ አስኪያጅ ያቺን ሳንቲም አይቶ «ይቺ ናት?» ቢል ሒሳቡን አልተሳሳተም። ከ50 ዓመት በኋላ የሚወለደው ልጅ ግን የሚቀበለው መቶውን ነው። የነገ ሀብት ለዛሬው ደብተር «ላም አለኝ በሰማይ» ዓይነት ነው።

ወጪውስ የት ይሄዳል? አይጠፋም። አድራሻ ይቀይራል እንጂ። አፍንጫ ሲመታ ዐይን ያለቅሳል ይባል የለ።

ሰሜናዊ ካናዳ የሎውናይፍ ከተማ አጠገብ ጃየንት የሚባል የወርቅ ማዕድን ነበር። ሥራ የጀመረው በ1948 ነው። በዕድሜው ዘመን 7 ሚሊዮን አውንስ ወርቅ አወጣ፤ ወደ 220 ቶን ገደማ ማለት ነው። የዚያ አካባቢ ወርቅ አርሴኒክ ካለበት ድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚገኝ ነው። ወርቁን ለመለየት ድንጋዩ መጠበስ አለበት። ሲጠበስ አርሴኒኩ በጭስ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ነጭ ዱቄት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ በጭስ ማውጫው ወጥቶ በበረዶው ላይ ይዘንብ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ዴኔዎች ደግሞ በረዶ አቅልጠው ይጠጣሉ። በ1951 አንድ ሕፃን በዚህ ተመርዞ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ዱቄቱን እየያዙ መሬት ውስጥ ባሉ ክፍሎች ማጠራቀም ጀመሩ። ዛሬ እዚያ 237 ሺህ ቶን አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ተቀምጧል። ለወጣው እያንዳንዱ ቶን ወርቅ ከሺህ ቶን በላይ መርዝ ማለት ነው። መርዙ ደግሞ በውሃ ይሟሟል። አጠገቡ ካለው ትልቅ ሐይቅ እንዳይደርስ መፍትሔ ተብሎ የተመረጠው ክፍሎቹን በዙሪያቸው ካለው አለት ጋር ማቀዝቀዝና እንደ በረዶ ማጠንከር ነው። እስከ መቼ? ማለቂያ የለውም። የመጨረሻው ትልቅ ባለቤት ኩባንያ በ1999 ከስሮ ሲወጣ ኃላፊነቱ በመንግሥት ትከሻ ላይ ወደቀ። በ2022 የጽዳቱ ወጪ ከ4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተገመተ።

ወርቁ ተሸጧል። ትርፉ ተከፋፍሏል። መርዙ ግን እዚያው ነው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ጠባቂ ተቀጥሮለት። ኢኮኖሚስቶች ይህን ዓይነቱን «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል። ስሙ ራሱ ትንሽ ያሾፍብናል። ውጭ ማለት ለማን ውጭ? ለደብተሩ ነው እንጂ ሐይቁ ዳር ለሚኖረው ሰው ቤቱ ውስጥ ነው።

ትልቁ ውጫዊ ወጪ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ አውጥተን ስናቃጥል ዝቃጩን የምንጥለው አየር ላይ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በከባቢ አየር ውስጥ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ለዚህ መጣያ ለረጅም ዘመን ማንም ኪራይ አልከፈለም። ነጻ የሆነ ቆሻሻ መጣያ ደግሞ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ይጣልበታል።

ኖርዌይን ብዙ ሰው እንደ ጎበዝ ተማሪ ይጠቅሳታል። እውነትም ነው። የነዳጅ ገቢዋን አልበተነችም። ፈንድ አቋቁማ አጠራቀመች፤ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ አላት። ናውሩ ያልቻለችውን ቻለች። ራሷም የምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። ነዳጁና ጋዙ ግን ተሸጦ ሌላ አገር ይቃጠላል። የኖርዌይ ደብተር ንጹሕ ነው፤ አየሩ ግን የሁላችንም ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ጥፋቱ የካፒታሊዝም ብቻ ነው?» ሊል ይችላል። አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ባለአክሲዮን አልነበራትም። አራል የተባለውን፣ በ1960 ከዓለም በስፋቱ አራተኛ የነበረውን ሐይቅ ግን ለጥጥ ስትል አደረቀችው። ሁለቱን ገባር ወንዞቹን ወደ እርሻ መለሰችና መርከቦቹ አሸዋ ላይ ቀሩ። የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦቿም የገደሉትን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዓሣ ነባሪ ደብቀው ለዓለም የውሸት ቁጥር ያቀርቡ ነበር። እዚያ ሩጫው የኮታ ነበር፣ እዚህ የትርፍ ነው። የሁለቱም ደብተር ጉድጓዱን አይመዘግብም። ልዩነቱ ዛሬ ዓለምን የሚነዳው የትርፉ ሩጫ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ እናወራለን።

በቁጥር እንየው። በ1970 የሰው ልጅ ከምድር ያወጣው ቁስ፣ ማዕድኑም፣ ነዳጁም፣ አሸዋውም፣ ሰብሉና እንጨቱም ተደምሮ በዓመት 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር። አሁን ወደ 100 ቢሊዮን ቶን ደርሷል። የሕዝቡ ቁጥር በዚህ ጊዜ በእጥፍ ያህል ነው ያደገው። ቁሱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ። የተባበሩት መንግሥታት የሀብት አጥኚዎች በየብስ ላይ ለደረሰው የብዝኃ ሕይወት መመናመን ከ90 በመቶ በላይ ምክንያቱ ይኸው ቁስ ማውጣትና ማቀነባበር ነው ይላሉ። እርሻም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

ደግሞ ምርጥ ምርጡ ቀድሞ ተበልቷል። በዛሬ ትልልቅ ማዕድኖች ከመዳብ አዘል ድንጋይ ውስጥ መዳቡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። 0.6 በመቶ ነው እንበል። አንድ ቶን መዳብ ለማግኘት ወደ 170 ቶን ድንጋይ ፈጭቶ ዱቄት ማድረግ ያስፈልጋል። ከላይ ተገፍቶ የሚጣለው አፈርና አለት አልተቆጠረም። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ጭቃ ይሆንና በግድብ ይታጠራል። ጭቃው ዝቃጭ ይባላል። ድንጋዩ በደኸየ ቁጥር ግድቡ ይተልቃል።

ጥር 2019 ላይ ብራዚል ውስጥ ብሩማዲኞ በተባለ ቦታ እንዲህ ያለ የብረት ማዕድን ግድብ ተደረመሰ። የምሳ ሰዓት ነበር። የሠራተኞቹ ምግብ ቤትና የአስተዳደሩ ቢሮ የተሠሩት ልክ ከግድቡ ሥር ነው። 270 ሰው ሞተ። ግድቡ ደህና ነው የሚል የምስክር ወረቀት ነበረው። እኔ ስለ ደብተር በተናገርኩ ቁጥር ያ የምግብ ቤት ቦታ ትዝ ይለኛል። አጭር የቧንቧ መስመር፣ አጭር መንገድ፣ ትንሽ ወጪ። ወረቀት ላይ ፍጹም ትክክል የሆነ ቦታ።

እሺ፣ መፍትሔው ቁጠባ ነው እንበል። ትንሽ ነዳጅ የሚበላ ሞተር፣ ትንሽ ብረት የሚፈልግ ሕንጻ። ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1865 አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተዋለ። የእንፋሎት ሞተር ከሰል ቆጣቢ እየሆነ ሲመጣ የብሪታንያ የከሰል ፍጆታ አልቀነሰም፣ ጨመረ። ለምን? ሞተሩ ርካሽ ሲሆን ቀድሞ የማይገዛው ሁሉ ገዛው። ከሰል የማያውቅ ፋብሪካ ከሰል ለመደ። የተቆጠበው ገንዘብም ኪስ ውስጥ አልተኛም፤ ሌላ ሞተር ሆነ። ገንዘብ መተኛት በማይችልበት ሥርዓት ውስጥ ቁጠባ ራሱ ለሚቀጥለው ቁፋሮ ስንቅ ይሆናል።

አሮጌውን መልሶ መጠቀምስ? አሉሚኒየምን ከውዳቂ አቅልጦ መሥራት ከድንጋይ አውጥቶ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር 5 በመቶ ያህል ኃይል ብቻ ነው የሚፈልገው። እጅግ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። ፍላጎት በዓመት 3 በመቶ ቢያድግ በ24 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዛሬ ውዳቂ ሆኖ የሚመለሰው ደግሞ ከ24 ዓመት በፊት የተሠራው ነው። ያኔ የተሠራው የዛሬውን ግማሽ ነው። አንዲት ፍሬ ሳትጠፋ ሁሉም ቢሰበሰብ እንኳ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ቀሪው ከጉድጓድ ነው። ፍላጎቱ ማደጉን ካላቆመ ክቡ አይገጥምም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናም ልናገር፤ ሳላነሳ ባልፍ አስተያየቱ አያስተኛኝም። አዎ፣ ከቤንዚን መኪና በጣም የበለጠ መዳብ፣ ሊቲየም፣ ኒኬልና ኮባልት ይፈልጋል። ኮባልቱ በአብዛኛው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው የሚወጣው፤ በባዶ እጅና በአካፋ የሚቆፍሩም አሉበት። ይህን ይዘው «ያው ነው፣ ሁለቱም ያጠፋል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ከሰል አንዴ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ነገ ሌላ ይፈለጋል። ባትሪ ውስጥ ያለው ኒኬል ግን ባትሪው ሲሞት አይሞትም፣ ይመለሳል። ዓለም በዓመት የሚያወጣው ከሰል ብቻ ከ8 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ለባትሪ የሚወጣው ብረት በዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና አንድ ሰው ብቻውን ይዞ ሥራ እንዲሄድበት የሚሠራው ለምንድን ነው? ትልቁ መኪና ብዙ ትርፍ ስላለው ነው። አውቶቡስና ባቡር ያን ያህል ብረት አይፈልጉም፤ ያን ያህል ትርፍም የላቸውም።

ደብተሩን ማስተካከል ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ ከፊሉን ይቻላል። ከመቆፈሩ በፊት ማዕድኑን መልሶ ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ሙሉ ገንዘብ በዋስትና ማስያዝ አንዱ ነው። ኩባንያው ሲከስር ገንዘቡ አይከስርም። ጭሱን ማስከፈልም ሌላው ነው። የፈረሰውን በፍርድ ቤት ማስካስም አለ። ናውሩ በ1989 አውስትራሊያን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ከነጻነት በፊት ለተቆፈረው መሬት። በ1993 በስምምነት አለቀ፣ አውስትራሊያ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ልትከፍል ተስማማች። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዓምዶቹ ግን አሁንም እዚያው ቆመዋል። ለአንዳንድ ነገር ዋጋ ሊወጣለት ይችላል፤ ተከፍሎ ግን አይመለስም። እንዲህ ላለው ነገር ዋጋ ከመፈለግ ይልቅ «አይነካም» ብሎ መዝጋት ይሻላል። የሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ ዘር ያተረፈው በ1966 የወጣው እገዳ ነው። ታክስ አልነበረም።

ናውሩን የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪኳ አላለቀም። በሐዋይና በሜክሲኮ መካከል፣ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ የባሕሩ ወለል ላይ ጡጫ የሚያካክሉ ጥቁር ጓሎች ተዘርተዋል። ኒኬል፣ ኮባልት፣ መዳብና ማንጋኒዝ አለባቸው። አንዷ ጓል በሚሊዮን ዓመት የምታድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ መሠረት በዚያ የማዕድን ኩባንያ በመንግሥት ስፖንሰር ካልተደረገ መግባት አይችልም። ሰኔ 2021 ላይ አንድ መንግሥት ለዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፈ፤ ስፖንሰር ያደረግሁት ኩባንያ ሊቆፍር ነውና የቁፋሮውን ደንብ በ2 ዓመት ውስጥ ጨርሱ የሚል። የጻፈችው ናውሩ ናት። ሁለቱ ዓመታት ደንቡ ሳያልቅ አለፉ።

በ1989 የጀርመን ሳይንቲስቶች በፔሩ አቅጣጫ ባለ የባሕር ወለል ላይ ማረሻ ጎትተው ምን እንደሚሆን ሊያዩ ሞክረው ነበር። በ2015 ካሜራ ይዘው ተመለሱ። ከ26 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የማረሻው ፈር ትናንት የታረሰ ይመስል ነበር።